የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር በምን እንለካ? አማራጮቹና የካሊብሬሽን ሸክማቸው

የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ለመለካት መሣሪያ ሊገዛ የተነሣ ተቋም ወይም ተመራማሪ ዘወትር የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛው መሣሪያ ይሻላል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። በቅድሚያ ልኬቱ ለምን አገልግሎት እንደሚውል መታወቅ አለበት፤ ከዚያም፣ ብዙዎች ግዢው ከተፈጸመ በኋላ ብቻ የሚያስታውሱት ቢሆንም፣ መሣሪያውን በየጊዜው ማን፣ የት፣ በየትኛው ማጣቀሻና በማን በጀት ካሊብሬት እንደሚያደርገው፣ ማለትም ንባቡን ከታመነ ማጣቀሻ ጋር እያመሳከረ እንደሚያስተካክለው፣ መወሰን አለበት። እኔ እንደማምነው ሁለተኛው ጉዳይ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ካሊብሬሽኑ የተቋረጠ ውድ መሣሪያ ከሚሰጠው ቁጥር ይልቅ፣ ካሊብሬሽኑ በወጉ የተጠበቀ ተራ መሣሪያ የሚሰጠው ቁጥር ይታመናልና። ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች የተመዘኑት በዚሁ ሚዛን ነው።

ጨረሩ ለምን ያስቸግራል

አልትራቫዮሌት ጨረር በሞገድ ርዝመቱ በሦስት ይከፈላል፤ ከ100 እስከ 280 ናኖሜትር ያለው ዩቪ-ሲ፣ ከ280 እስከ 315 ያለው ዩቪ-ቢ፣ ከ315 እስከ 400 ያለው ደግሞ ዩቪ-ኤ ይባላል። ዩቪ-ሲን ከባቢ አየር ሙሉ በሙሉ ስለሚያስቀረው መሬት ላይ አይደርስም። ከዩቪ-ቢም የሚበዛውን ኦዞን ይውጠዋል፤ ሆኖም የኦዞን የመዋጥ ኃይል የሞገዱ ርዝመት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት ስለሚዳከም፣ መሬት ላይ የሚደርሰው ጨረር ከ290 እስከ 320 ናኖሜትር ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ በብዙ ሺህ እጥፍ ያድጋል። እንዲህ ባለ ዳገት ላይ የመሣሪያው የሞገድ መለያ በ0.1 ናኖሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ በ300 ናኖሜትር አካባቢ የሚነበበው ቁጥር በጥቂት በመቶ ይስታል። በሚታይ ብርሃን ልኬት ላይ ማንም ቁብ የማይሰጠው መዛነፍ እዚህ ግን የዓመቱን ሥራ ያበላሻል።

የቆዳ ምላሽ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይወርዳል። በ1987 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይፋ በሆነውና ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በተቀበለው የቆዳ መቅላት ኩርባ መሠረት፣ እስከ 298 ናኖሜትር ያለው ጨረር ሙሉ ክብደት ሲሰጠው በ328 ናኖሜትር ያለው ግን ከስድስት መቶ እጅ የአንዱን ያህል እንኳ አይሰጠውም። ፀሐይ ቆዳን የማቃጠል ኃይሏን ለሕዝብ የሚገልጸው ቁጥር፣ የዩቪ ኢንዴክስ፣ የሚሰላው በዚህ ኩርባ ተመዝኖ ከተደመረው ጨረር ሲሆን፣ የኢንዴክሱ አንድ ነጥብ 25 ሚሊዋት በስኩዌር ሜትር ነው። ኢንዴክሱ 10 በደረሰበት ቀትር የተመዘነው ጨረር ሩብ ዋት ብቻ ነው ማለት ነው፤ በዚያው ሰዓት በዚያው ስኩዌር ሜትር ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ የፀሐይ ጨረር ግን ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። መሣሪያው የሚጠየቀው ይህን ሩብ ዋት ከቀረው ሁሉ ነጥሎ እንዲያወጣ ነው።

ስለዚህ ሻጩ «ዩቪ-ቢ ይለካል» ሲል፣ የትኛውን ዩቪ-ቢ ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። አንዳንድ አምራቾች ወሰኑን በ315፣ ሌሎች በ320 ናኖሜትር ያደርጉታል፤ በእነዚህ አምስት ናኖሜትሮች ውስጥ ያለው ጨረር ከእነሱ በታች ካለው ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ስላልሆነ፣ የሁለቱ መሣሪያዎች ቁጥር ጎን ለጎን ሊቀመጥ አይችልም። በእጅ የሚያዙ ርካሽ መለኪያዎችም አሉ፤ ብዙዎቹ የተሠሩትና የተስተካከሉት በ365 ናኖሜትር ለሚያበሩ አምፖሎች ነው። እነዚህን ወደ ፀሐይ አዙሮ የሚገኘውን ቁጥር ወደ ዩቪ ኢንዴክስ የሚቀይር ቀመር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ስካን የሚያደርጉ ስፔክትሮራዲዮሜትሮች

የዘርፉ የበላይ ዳኞች እነዚህ ናቸው። ብርሃኑን በግሬቲንግ (በጥቃቅን መስመሮች በተሸነተረ ብርሃን በታኝ) በታትነው፣ ከአንዱ የሞገድ ርዝመት ወደ ሌላው በደረጃ እየተሻገሩ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ይለካሉ። በመጀመሪያ ለኦዞን ልኬት የተሠራው ብሩወር ከሁሉ ይበልጥ የሚታወቅ ሲሆን፣ አንድ ሞኖክሮሜትር (አንድን የሞገድ ርዝመት ለይቶ የሚያወጣ ክፍል) ያለውና ሁለት ያለው ዓይነት አለው። ልዩነታቸው የቅንጦት አይደለም። በአጭሩ የዩቪ-ቢ ጫፍ ላይ እውነተኛው ጨረር እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ ከረጅሞቹ ሞገዶች መሣሪያው ውስጥ ተበትኖ የሚመጣው ሰርጎ ገብ ብርሃን ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል፤ ሁለተኛው ሞኖክሮሜትር የሚጨመረው ይህን ለማጣራት ነው። ከ300 ናኖሜትር በታች ያለው ክልል ለጥናቱ ወሳኝ ከሆነ ባለ አንዱን መምረጥ አይመከርም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሙሉው ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ ያለው የጨረር መጠን፣ በእጅ ካለ፣ የቆዳ መቅላትም ሆነ የዲኤንኤ ጉዳት ወይም የዕፅዋት ምላሽ ኩርባ ዛሬም ከ10 ዓመት በኋላም በዚያው መረጃ ላይ ሊሰላ ይችላል። ጉዳቱም እንዲሁ ግልጽ ነው። አንድ ስካን ደቂቃዎችን ስለሚፈጅ፣ ደመና በመሐል ሲያልፍ የስፔክትረሙ አንዱ ጫፍ በጠራራ፣ ሌላው በጥላ የተለካ ይሆናል። ከዚህም በላይ መሣሪያው ሰው ይፈልጋል። የሜርኩሪ አምፖል መስመሮችን ተጠቅሞ የሞገድ መለያውን የሚፈትሽ፣ ጨለማ ክፍል አዘጋጅቶ አምፖል የሚያበራ፣ ለውጥ ሲያይ ምክንያቱን የሚፈልግ የሠለጠነ ባለሙያ በቋሚነት ከሌለ ይህን መሣሪያ መግዛት ገንዘብን ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው።

በድርድር ሴንሰር (ጎን ለጎን በተደረደሩ ብዙ ጥቃቅን ሴንሰሮች) የሚሠሩት ስፔክትሮራዲዮሜትሮች ዋጋቸው ዝቅ ያለ፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌላቸውና ሙሉውን ስፔክትረም በአንድ ጊዜ የሚይዙ በመሆናቸው ያጓጓሉ። ለዩቪ-ኤ መልካም ናቸው። ነገር ግን ብርሃኑ ሁሉ በአንድ ሳጥን ውስጥ በአንድ ጊዜ ስለሚገባ፣ ከላይ የተጠቀሰው ሰርጎ ገብ ብርሃን ዋነኛ ደዌያቸው ነው፤ በላቦራቶሪ በዝርዝር ተጠንተው በሒሳብ ካልታረሙ በቀር ከ310 ናኖሜትር በታች የሚሰጡትን ቁጥር አልቀበልም።

ሰፊ ባንድ ራዲዮሜትሮች

በዓለም ላይ ከሚሠሩት የዩቪ ጣቢያዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በዚህ ዓይነት፣ ሰፊ የሞገድ ክልልን በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ በሚለካ መሣሪያ፣ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ጥንታዊው አሠራር የሮበርትሰን-በርገር መለኪያ ነው። የሚታየውን ብርሃን የሚያግድ ጥቁር መስታወት አልትራቫዮሌቱን ብቻ ያሳልፋል፤ ከሥሩ ያለው የማግኒዚየም ተንግስቴት ሽፋን ጨረሩን ተቀብሎ ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል፤ ይህን ብርሃን ደግሞ ሴንሰሩ ወደ ኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይቀይረዋል። የሽፋኑ ምላሽ ከቆዳ መቅላት ኩርባ ጋር ስለሚቀራረብ መሣሪያው ያለ ኮምፒዩተር እገዛ ከዩቪ ኢንዴክስ ጋር የሚመሳሰል ቁጥር ይሰጣል። መቀራረብ ግን አንድ መሆን አይደለም፤ የዚህ መሣሪያ ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ክፍተት ነው።

ክፍተቱ በተግባር እንዲህ ይታያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይም የኦዞን መጠን ሲለወጥ የስፔክትረሙ ቅርጽ ይለወጣል፤ የመሣሪያው ኩርባ ከቆዳው ኩርባ ስለሚለይም ቮልቴጁን ወደ ዋት የሚቀይረው ቁጥር አብሮ መለወጥ አለበት። በአንድ ቋሚ ቁጥር ብቻ የተሸጠ ሰፊ ባንድ ራዲዮሜትር፣ ካሊብሬት የተደረገበት ሁኔታ ላይ ትክክል ሆኖ ከዚያ ውጭ ይስታል። ደህና ካሊብሬሽን የሚባለው፣ የመቀየሪያውን ቁጥር በፀሐይ የዜኒት ማዕዘን (ፀሐይ ከአናት በምትርቅበት ማዕዘን) እና በኦዞን መጠን ሁለትዮሽ ሠንጠረዥ አድርጎ የሚሰጥ ነው። የምስክር ወረቀቱን ገልጦ ይህ ሠንጠረዥ መኖሩን ማየት፣ ከመሣሪያው ብሮሹር ሁሉ የበለጠ ይናገራል።

ሁለተኛው ጣጣ ሙቀት ነው። የሽፋኑ ምላሽ ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ዘመናዊዎቹ መሣሪያዎች ውስጣቸውን በ25 ወይም ከዚያ ከፍ ባለ ቋሚ ዲግሪ ሴልሲየስ ያቆያሉ። የሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለውን በርካሽ ዋጋ መግዛት ቁጠባ አይደለም። ከ1974 እስከ 1985 በአሜሪካ ስምንት ጣቢያዎች ላይ በሮበርትሰን-በርገር መለኪያዎች የተሰበሰበው መረጃ በ1988 ሲታተም፣ ኦዞን እየሳሳ ነው በተባለበት ዘመን አልትራቫዮሌቱ እንደ ቀነሰ አመለከተ፤ ኋላ ላይ የተደረጉት ምርመራዎች ግን ጥርጣሬውን ወደ ራሳቸው ወደ መሣሪያዎቹና ወደ ካሊብሬሽናቸው መለሱት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በትጋት የተነበበ መረጃ ነው፤ የጎደለው ትጋት አልነበረም።

ሦስተኛው እርጥበት ሲሆን፣ ይህን በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። በምሠራበት ጣቢያ ጣሪያ ላይ ከነበሩት ሁለት ራዲዮሜትሮች አንዱ፣ ከዝናቡ ወራት በኋላ ከጓደኛው በታች ማንበብ ጀመረ፤ በጠራራ ቀትር ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ ይደርስ ነበር። ጉልላቱ (መቀበያውን የሚሸፍነው መስታወት) ተወለወለ፣ ገመዱ ተፈተሸ፣ የመረጃ መዝጋቢው ተቀየረ። በመጨረሻ ከጎኑ ያለችው የእርጥበት መምጠጫ ክዳን ስትፈታ፣ ብርቱካናማ መሆን የነበረባቸው እንክብሎች ቀለማቸው ጠፍቶ ተገኙ። በአዲስ ከተተኩ በኋላ ንባቡ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ተመለሰ። መሣሪያው ዳነ፤ የእነዚያ ወራት መረጃ ግን ለውጡ በየትኛው ቀን እንደ ጀመረ ስላልታወቀ ሊታረም አልቻለም፤ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ እንክብሎቹን በየሳምንቱ ማየትና ቀኑን ከፊርማ ጋር በመዝገብ ማስፈር የጣቢያው ደንብ ሆነ። ሁለተኛው ራዲዮሜትር ባይኖር ኖሮ ግን ጉድለቱን ያኔም ማንም አያውቅም ነበር።

እንግዲህ ሰፊ ባንድ ራዲዮሜትር ለማን ይሆናል? የዩቪ ኢንዴክስን ለሕዝብ ለማሳወቅ፣ በየደቂቃው የሚለዋወጠውን ጨረር ለመከታተል፣ ብዙ ጣቢያዎችን በአንድ መረብ ለማገናኘት ከእሱ የተሻለ የለም። የሚያስፈልገው ክትትል የተወሰነ ነው፤ ጉልላቱን መወልወል፣ መሣሪያው በአግድም መቀመጡን ማየት፣ እርጥበት መምጠጫውን መቀየር፣ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ለካሊብሬሽን መላክ። በሚገባ ሲያዝ የስህተት ወሰኑ ከ5 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ይሆናል። የረጅም ዘመን ለውጥን ለማጥናት ግን፣ ማለትም በአሥር ዓመት ጥቂት በመቶ የሚሆን አዝማሚያን ለመለየት፣ ብቻውን አይበቃም።

በመሐል ያሉት

ባለ ብዙ ማጣሪያ ራዲዮሜትሮች በጥቂት የተመረጡ የሞገድ ርዝመቶች ላይ በአንድ ጊዜ ይለካሉ፤ ከእነዚያም በሒሳብ ሞዴል የዩቪ ኢንዴክስን፣ የኦዞንን መጠንና የደመናን ተጽዕኖ ማስላት ይቻላል። ፍጥነታቸው የሰፊ ባንዱን፣ መረጃቸው የስፔክትሮራዲዮሜትሩን ይጠጋል። ድክመታቸው ማጣሪያዎቹ በጊዜ ብዛት፣ ያውም እያንዳንዱ በየራሱ ፍጥነት፣ ማርጀታቸው ነው። ስሌቱን የሚረዳ ሰው ላለው ቡድን እመክራቸዋለሁ፤ ሶፍትዌሩን እንደ ዝግ ሳጥን ለሚጠቀም ግን አልመክርም።

ሰው የሚለብሳቸው መለኪያዎች የተለየ ጥያቄ ይመልሳሉ። ጣሪያ ላይ ያለው መሣሪያ የሚለካው በአግድም ሜዳ ላይ የሚያርፈውን ነው፤ የገበሬው አንገት ወይም የግንበኛው ትከሻ የሚቀበለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለዚህ የሚያገለግለው የፖሊሰልፎን ፊልም (ቀጭን ፕላስቲክ) ጨረር ሲያርፍበት የብርሃን አሳላፊነቱ ይለወጣል፤ ለውጡ በ330 ናኖሜትር ተለክቶ ወደ ተጠራቀመ መጠን ይቀየራል። ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይሻም፣ ነገር ግን ሲጠግብ መመዝገብ ያቆማል፤ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል እንደ ተቀበለም አይናገርም። ኤሌክትሮኒክስ ዶሲሜትሮች (የሚለበሱ የጨረር መጠን መለኪያዎች) ሰዓቱን ይመዘግባሉ፤ ሆኖም በቡድን የተገዙ ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ካሊብሬት መደረግ አለባቸው፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው ማዋስ አይቻልም።

የሳተላይት መረጃስ? ከ1978 ጀምሮ ያለ፣ ዓለምን ሙሉ የሚሸፍንና በነጻ የሚገኝ ነው። የመሬት ጣቢያ በሌለበት ስፍራ ያለው አማራጭ እሱ ነው። ነገር ግን የሚሰጠው የሰፊ ቦታ አማካይ ከመሆኑም በላይ፣ ብዙዎቹ ሳተላይቶች አንድን ስፍራ የሚያዩት በቀን አንድ ጊዜ ገደማ ነው፤ በአየር ላይ ያለ አቧራና ጭስ ሲኖር ደግሞ መሬት ላይ ከሚደርሰው አብልጦ የመገመት ዝንባሌ አለው። የሚታረመውም በመሬት መሣሪያዎች ነውና ምትካቸው ሊሆን አይችልም።

ካሊብሬሽኑን መምረጥ

ካሊብሬሽን በሁለት መንገድ ይደረጋል። አንደኛው በጨለማ ክፍል፣ በአምፖል ነው። ልምዱ 1,000 ዋት የሆነ የተንግስተን ሃሎጅን አምፖል ከመሣሪያው መቀበያ 50 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ማቆም ነው። እዚህ አንድ ሚሊሜትር መሳት 0.4 በመቶ ያስከፍላል። ኤሌክትሪኩ ወደ 8 አምፔር ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በ1 በመቶ ከተዛነፈ በ300 ናኖሜትር ያለው ብርሃን ወደ 10 በመቶ ስለሚለወጥ የአምፔር መለኪያውም በተራው ካሊብሬት የተደረገ መሆን አለበት። አምፖሉ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት በሙቀቱ መስታወቱ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል። የሚመከረው ሦስት አምፖል መያዝ ነው፤ ሁለቱ ሲለያዩ የትኛው እንዳረጀ የሚፈርደው ሦስተኛው ነውና። አምፖሎቹም እንደ አሜሪካው ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም ወይም እንደ ጀርመኑ የፊዚክስና ቴክኒክ ተቋም ካለ ብሔራዊ የሥነ ልክ ተቋም ጋር በሰንሰለት የተያያዘ ሰነድ ሊኖራቸው ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ መሣሪያውን ከታመነ ስፔክትሮራዲዮሜትር ጎን ከቤት ውጭ፣ በራሷ በፀሐይ ሥር ማሠራት ነው። ለሰፊ ባንድ ራዲዮሜትር የማምነው ይህን ነው፤ የአምፖል ስፔክትረም ከፀሐይ ስፔክትረም እጅግ ስለሚለይ የአምፖል ካሊብሬሽን ብቻውን አያደርሰውም። ይህን ሥራ በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው በስዊዘርላንድ ዳቮስ ያለው የጨረር ማዕከል ሲሆን፣ በ2006 ከተለያዩ አገሮች የመጡ 36 ሰፊ ባንድ ራዲዮሜትሮችን በአንድ ጣሪያ ላይ አሰልፎ አነጻጽሯል፤ ካሱሜ የተባለውን ተጓዥ ማጣቀሻ ስፔክትሮራዲዮሜትር ደግሞ እየዞረ ወደ ጣቢያዎቹ ያደርሳል።

በሁለቱም መንገድ የማዕዘን ምላሽ መለካቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአናት የሚመጣውንና ከጎን የሚመጣውን ጨረር መሣሪያው በኮሳይን ሕግ መሠረት (ጨረሩ ከአናት ባዘነበለ ቁጥር በማዕዘኑ ኮሳይን ልክ ብቻ እየቀነሰ) መቀበል ሲገባው፣ ጠፍጣፋ የቴፍሎን መቀበያዎች ከጎን የሚመጣውን ያሳንሳሉ። አልትራቫዮሌት ጨረር በአየር ውስጥ ክፉኛ ስለሚበተን ከግማሽ ገደማው የሚመጣው ከፀሐይዋ አቅጣጫ ሳይሆን ከሰማዩ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ይህ ጉድለት ጧትና ማታ ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ከቁጥሩ ላይ ይቀንሳል።

በጀቱ ውስን ከሆነና ዓላማው የዩቪ ኢንዴክስ ከሆነ፣ ከአንድ ድርድር ስፔክትሮራዲዮሜትር ይልቅ ሙቀታቸው የሚጠበቅ ሁለት ሰፊ ባንድ ራዲዮሜትሮችን መርጬ፣ በየዓመቱ አንዱን በተራ ለካሊብሬሽን እልካለሁ፤ ሌላው በጣሪያው ላይ ይቆያል፣ የተመለሰው ደግሞ የቆየውን ይፈትሻል። የረጅም ዘመን ጥናት ያለው ጣቢያ ባለ ሁለት ሞኖክሮሜትሩን ሲገዛም ሰፊ ባንዱን አያውርደው፤ በሁለት ስካኖች መካከል ያለፈውን ደመና የሚያየው እሱ ነው። አሮጌ መሣሪያ በአዲስ ሲተካም ሁለቱ ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዓመት ጎን ለጎን መሥራት አለባቸው፤ ፀሐይ ከፍ የምትልበትንም ዝቅ የምትልበትንም ወቅት አብረው ካላለፉ፣ በመረጃው መስመር ላይ የሚታየው ዝላይ የሰማዩ ይሁን የመሣሪያው የሚለይበት መንገድ አይኖርም።